ሁለት ጣሳ የዓሣ እንቁላል

የያዙኝ ደብረ ታቦር፣ ቤቴ ተቀምጬ መዝሙረ ዳዊት እየገለበጥሁ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ ቁም ጸሐፊ ነበርሁ፤ ዕድሜዬም ሃያ አምስት አይሞላም። ጠመንጃ የያዙ ሁለት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ወታደሮች፣ ከአንድ አስተርጓሚ ጋር ገቡ። አስተርጓሚው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና "ይህ የማን እጅ ጽሕፈት ነው?" አለኝ። ጉና ላይ ለነበሩት አርበኞች የጻፍሁት ደብዳቤ ነበር። አላውቀውም ብል፣ ፊቴ የተዘረጋው ብራና ላይ ያለው ፊደል ያጋልጠኛል። "የእኔ ነው" አልሁ። እጄን ከማሰራቸው በፊት ብርዔን ጠርጌ በቦታው እንዳስቀምጥ ፈቀዱልኝ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ደግ ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የድንጋይ ቤት ሦስት ሳምንት ያህል አቆዩኝ። ከዚያ አምስት ሆነን በገመድ ተያይዘን ቁልቁል በሐሙሲት መንገድ ወረድን። ሐምሌ ነበር፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ጉማራ ከሚገቡት ወንዞች በአንዱ ዳር ወዳለ የመኪና ሰፈር ደረስን። ጣሊያን መንገዱን እያሠራ ነበርና ካሚዮኖቹ ሲበላሹ የሚጠገኑት እዚያ ነው። እስረኞቹ የሚታጎሩት ደግሞ ከጥገናው ዳስ አጠገብ፣ ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የሰው ሽታ አልነበረም፤ የናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነበር። ወለሉ፣ ግድግዳው፣ የሰዎቹ ልብስ ሁሉ ያንኑ ይሸታል። ኋላ ሳየው የምንበላው ቂጣ ሳይቀር ያንኑ ይሸት ነበር።

ቤቱ ውስጥ አሥራ አራት ያህል ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀምጠዋል። በቀኝ በኩል ባለው ማዕዘን ግን አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ነበሩ። በእሳቸውና በሌሎቹ መካከል አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ባዶ ቀርቷል። ለምን ባዶ እንደቀረ ወዲያው ገባኝ። ሽማግሌው ጉማራ ከሚገባበት ሐይቅ ዳር ናቸው፤ በደንገል ታንኳ ዓሣ ከሚያጠምዱት ሰዎች ወገን። እኛ ደገኞቹ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ማዕድ አንቀርብም ነበር፤ የጠጡበትን ዕቃም አንነካም። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ሌላ ቦታ ስላልነበረ እዚያው ተኛሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቻቸው።

አሁን ስጽፍ አንቱ እላለሁ እንጂ ያን ጊዜ አንተ ነበር የምላቸው። በአባቴ ዕድሜ የሚሆኑትን ሰው! እሳቸው ግን ቅር ሲላቸው አላየሁም። ወይም ቅር ማለታቸውን እንዳላይ ማድረጉን ያውቁበታል። የታሰሩት፣ አርበኞችን በታንኳ አሻግረሃል ተብለው ነው። አሻግረው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ እስር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

ሥራችን ካሚዮን ማጠብና የተቃጠለውን ዘይት መድፋት ነበር። አንድ ጠጉሩ የሸበተ ጣሊያናዊ መካኒክ ከመኪናው ሥር ገብቶ ዘይቱን ሲለቅ፣ እኛ በግማሽ በተቆረጠ በርሜል እንቀበላለን። በርሜሉን በመሸከሚያ እንጨት አንጠልጥለን፣ ሁለት ሁለት ሆነን ወንዙ ዳር እንወስድና ውኃው ውስጥ እንደፋለን። ጎን ለጎን የሚተኙትን ስላጣመሩ የእኔ ድርሻ ሽማግሌው ሆኑ። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ዘይቱ ውኃው ላይ ሲያርፍ እንደ ጨርቅ ይዘረጋል። ፀሐይ ስታገኘው ሰማያዊም ሐምራዊም እየሆነ ይብለጨለጫል። መጀመሪያ ቀን ሳየው "ያምራል" ብዬ ማሰቤን አልክድም። ሽማግሌው ግን በርሜሉን ባዘነበልን ቁጥር ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ "አስተግፊሩላህ" እያሉ ከአላህ ምሕረት ይለምናሉ። ልማድ መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ እንደገባ አንድ ጠዋት ዝናቡ ጋብ አለ። በርሜላችንን ይዘን ስንወርድ ሽማግሌው ድንገት ቆሙና እንጨቱ ትከሻዬን ገፋኝ።

"መጡ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አርበኞቹ መስለውኝ ማዶ ያለውን ቁጥቋጦ ተመለከትሁ። "የታሉ?"

"እዚያ አይደለም። ውኃውን እይ።"

ከምንደፋበት ቦታ በላይ፣ ወንዙ ጠጠር ላይ በሚሮጥበት በኩል፣ የውኃው ፊት ይናወጣል። አስተውዬ ሳየው የዓሣ ጀርባ ነው። ክንድ የሚያህሉ ዓሦች፣ ግማሽ ገላቸው ከውኃው ወጥቶ፣ ጠጠሩን በሆዳቸው እየፋቁ ሽቅብ ይታገላሉ።

"እኔ ደግሞ ሰው መስሎኝ" አልሁ ተናድጄ።

ሽማግሌው ሳቁ። ሲስቁ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። "ከእኛ ዘንድ ነው የመጡት፣ ከሐይቁ። ክረምት ሲሆን ሐይቁ አይዛቸውም። ጠጠር ያለበት፣ ውኃው ጥሩ የሆነበት ቦታ እስኪያገኙ ይወጣሉ። እታች ቢወልዱ ደለሉ እንቁላሉን ያፍነዋል።"

ጠባቂው ጮኸብንና ወረድን። እኩለ ቀን ላይ ቂጣችንን ሊሰጡን ሲያሳርፉን፣ ሽማግሌው እጃቸውን ለመታጠብ አስፈቅደው ወንዙ ዳር ሄዱ። እኔም ከእሳቸው ስለማልለይ ተከተልሁ። ከድንጋይ ሥር እጃቸውን ሰደዱና መዳፋቸው ላይ አንድ ነገር ይዘው ወጡ። የማሽላ ፍሬ የምታህል፣ ቢጫ፣ ብርሃን የምታሳልፍ ነገር ናት።

"እንቁላል ናት፤ ቀድመው የመጡት የጣሏት። በፀሐይ በኩል ሆነህ እይ።"

ጎንበስ አልሁ። እንቁላሏ ውስጥ የተጠቀለለ ክር የመሰለ ነገር አለ። ክሩ ጫፍ ላይ ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች። ከነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር ትርገበገባለች፤ አታቋርጥም።

"ነጠብጣቦቹ ዓይኖቹ ናቸው" አሉ። "ያቺ ልቡ ናት። አፍ ገና የለውም።"

እኔ ሥነ ፍጥረትን በግእዝ የተማርሁ ሰው ነኝ። የባሕር ፍጥረታት ሐሙስ ቀን እንደተፈጠሩ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቃሌ እለዋለሁ። አንዱ ሲፈጠር ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ቀና ስል ሽማግሌው እንቁላሏን በጥንቃቄ ወደ ቦታዋ መልሰው፣ ዓይናቸውን ወደ ታች፣ ወደ ምንደፋበት ቦታ ጥለዋል።

ወደዚያ ሄድን። የዳሩ ድንጋይ በሙሉ ጥቁር ቅባት ለብሷል። ከድንጋዩ ሥር እዚያም እንቁላል ነበር፤ ብዙው ግን ነጥቶ የታወረ ዓይን መስሏል። ሽማግሌው ብዙ ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ ከጣሊያኖቹ ወጥ ቤት ጓሮ ሁለት ባዶ የቲማቲም ጣሳ አነሡ። ማታ ወደ ቤት ልንገባ ስንል፣ ከላይ፣ ከንጹሑ ጠጠር፣ ከአንድ ቦታ ያወጡትን እንቁላል ለሁለት ከፈሉት። በአንደኛው ጣሳ ያንኑ የላይኛውን ውኃ ሞሉበት። በሁለተኛው ከምንደፋበት በታች ያለውን ውኃ ቀዱበት።

"ለምን ከአንድ ቦታ?" አልሁ። "የታችኛውን እንቁላል ከታች አታመጣም?"

"ያንማ ባደርግ ድሮም እናትየዋ ደካማ ነበረች ይባላል። እነዚህ ግን የአንድ እናት ናቸው። የተለየው ውኃው ብቻ ይሁን።"

ጠባቂው ጣሳዎቹን አይቶ "ምንድን ነው?" ቢል፣ ሽማግሌው "ዓሣ ነው ጌታዬ" አሉት። "ገና ነው እንጂ።" ጠባቂው ስቆ አሳለፈን።

ጣሳዎቹ በበሩ አጠገብ፣ የቆርቆሮው ስንጥቅ ብርሃን በሚያስገባበት ቦታ ተቀመጡ። ጠዋት ስንወጣና ማታ ስንገባ ውኃቸውን እንቀይራለን፤ እሳቸው የላይኛውን፣ እኔ የታችኛውን። ለምን እንዳገዝኋቸው ብትጠይቁኝ፣ ያቺ ልብ ከዓይኔ አልጠፋ ብላ ነው። ሌሎቹ እስረኞች ይሳለቁ ነበር። "ጸሐፊው ዓሣ ሊያጠምቅ ነው!" ይሉኛል። ከመካከላቸው አንድ ጉና ላይ በግ ያረባ የነበረ ሰው አለ፤ ትከሻ ሰፊ፣ ቃል የሚቆጥብ። እሱ ብቻ አይስቅም፤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ያያል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት፣ የንጹሑ ጣሳ እንቁላሎች ተፈለፈሉ። በስንጥቁ ብርሃን አየናቸው። እንደ ቅንድብ ጠጉር የቀጠኑ፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ። ከሆዳቸው ሥር ቢጫ ከረጢት ተንጠልጥሏል።

"ስንቃቸው ነው" አሉ ሽማግሌው። "አፋቸው እስኪከፈት ከዚያ ይበላሉ።"

ጣሳውን በጥፍራቸው መታ ሲያደርጉት ሁሉም ብትን ብለው ሸሹ፤ ወዲያው ደግሞ ተሰበሰቡ።

የሌላው ጣሳ አልተፈለፈለም። ግማሹ ነጥቶ ነበር። የቀረው በማግሥቱ ማታ ወጣ። ሥራ ውለን ስንገባ ሽማግሌው ጣሳውን አንሥተው አዩና መልሰው አስቀመጡት። "እናንተም እዩ" አሉ።

ለሁሉም መናገራቸው ያ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሰዎቹ አንድ በአንድ መጡ።

ጫጩቶቹ ማጭድ መስለው ጎብጠዋል። አንዳንዱ ከወገቡ፣ አንዳንዱ ከጅራቱ በኩል ተጣሟል። ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ ተነፍቷል፤ ልባቸው ከውኃው መካከል ተወጥራ፣ እንደ ክር ቀጥና፣ አንዴ ትመታና ትቆያለች። ለመዋኘት የሚሞክረው ባለበት ይዞራል። ወደ ላይ መውጣት የቻለ አንድም አልነበረም። ጣሳውን መታ ብናደርገው የሸሸ የለም።

የጉናው ሰው ሲያይ ቆየና "ግልገል እንዲህ ሆኖ ሲወለድ አውቃለሁ" አለ። "እናቱ ክፉ ሣር ስትበላ።" ቀጥሎም "እኛስ የምንጠጣው ከየት ነው?" አለ።

የምንጠጣው ከላይ እንደሆነ ነገርሁት። "ከታች ያሉት ሰዎችስ?" ሲል ሁላችንም ወደ ሽማግሌው ዞርን።

"ከታች ያለነው እኛ ነን" አሉ፣ ሳይቆጡ። "ይህች ወንዝ ጉማራን ይዛ የምትገባው ደጃችን ላይ ነው። እኔ የሚያስፈራኝ የዘንድሮው አይደለም። ዘንድሮ መረባችን የሚይዘው ትልቁን ነው። ዛሬ ያልተወለደው የሚጎድለው የዛሬ ሦስትና አራት ዓመት ነው። ያን ጊዜ ሰው ሐይቁ ከፋ ይላል፤ ይህን ቦታ ማንም አያስበውም።"

"ታዲያ ምን ያስባሉ፣ አባቴ?" አልሁ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ያስባሉ ብያለሁ። አባቴ ብያለሁ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ሽማግሌው ግን ምንም ያልተለወጠ ይመስል "ነገ እጠይቃለሁ" አሉ።

በማግሥቱ ስንቆጠር ሁለቱን ጣሳዎች ይዘው ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጡና የሰፈሩን አዛዥ ማናገር እንደሚሹ ለአስተርጓሚው ነገሩት። አስተርጓሚው ፈርቶ ነበር፤ ቢሆንም ተናገረላቸው። አዛዡ ቀርቦ ሁለቱን ጣሳዎች አየ። መነጽሩን አውልቆ ጭምር ነው ያየው። ሽማግሌው ዘይቱን በደረቅ ቦታ ጉድጓድ ቆፍረን እንድፋው፣ ቁፋሮውንም በእሑድ ዕረፍታችን እንሠራዋለን አሉ። አዛዡ ጣሳዎቹን መለሰላቸውና አጭር ነገር ተናገረ።

"እኛ እዚህ የመጣነው ዓሣ ልናረባ አይደለም ይላሉ" አለ አስተርጓሚው። "ሥራችሁን ሥሩ ይላሉ።"

ሥራችንን ጀመርን። የመጀመሪያው በርሜል ሞላ፣ ተሸከምን፣ ወረድን። ውኃው ዳር ስንደርስ ሽማግሌው በርሜሉን ቀስ ብለው አሳረፉትና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ይበቃኛል" አሉ። "አንተ ግን ልጄ ነህ፤ ብትደፋው አልቀየምህም።"

ጠባቂው ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። ብቻዬን ማንሣት አልችልም፤ ማዘንበል ግን እችላለሁ። በእግሬ ገፋ ባደርገው ያልቃል። እጄን በርሜሉ ጠርዝ ላይ እንዳደረግሁ አስታውሳለሁ። ስለ ዓሣ ብዬ ልገረፍ ነው ወይ ብዬ ማሰቤንም አስታውሳለሁ። ደብዳቤ በመጻፍ የታሰረ ሰው አለኝታ አለው፤ ሰው ይረዳዋል። ይህን ለማን አስረዳለሁ? ይህን ሁሉ እያሰብሁ እጄን ከጠርዙ አነሣሁና አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

ተገረፍን። ስለሱ ብዙ አልናገርም። እሳቸው ሽማግሌ ስለሆኑ ያንሱላቸዋል ብዬ ነበር፤ አላነሱላቸውም። በርሜሉን ሌሎች ሁለት ሰዎች እንዲደፉት ታዘዘ፤ ደፉት።

ቤት ውስጥ ሲጥሉን አፌ ደርቆ ነበር። ሽማግሌው በሚጠጡባት ጣሳ ውኃ ዘረጉልኝና እጃቸው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። እንደማልጠጣ ያውቃሉ፤ አንድ ወር ሙሉ አብረን ስንሠራ ከእጃቸው ውኃ ወስጄ አላውቅም። ተቀበልኋቸውና ጠጣሁ። ውኃው ዘይት ዘይት ይል ነበር፤ እንደማንኛውም ውኃ። የቀረውን መለስሁላቸው፤ ጨረሱት።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ረፋዱ ላይ ያ የሸበተው መካኒክ ብቻውን ወደ ቤታችን መጣ። አማርኛ አያውቅም። በሩ ላይ ቆሞ የተገረፈውን ጀርባችንን አየ፤ ከዚያ ጣሳዎቹን አየ። የጎበጡት በሙሉ ሞተዋል፤ ቀጥ ያሉት ይንቀሳቀሳሉ። በጣቱ ውኃውን ነካ አደረገና ጣቱን በልብሱ ጠረገ። ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ ሁለት አካፋና አንድ ዶማ ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ጣላቸውና ወደ ኮረብታው አመለከተ።

ለምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም። አዝኖ ይሆናል። ወይም ቅባቱ የማጠቢያውን ድንጋይ አሙልጦ ሾፌሮቹን እየጣለ አስቸግሮት ይሆናል። ከአዛዡ ጋር ምን እንደተባባሉም አልሰማሁም። እኔ ያየሁት አካፋውን ብቻ ነው።

ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። ጉድጓዱን ሽቅብ፣ ከወንዙ ርቀን መቆፈር ነበረብን፤ ከዚያ በኋላም በየቀኑ በርሜሉን ያን ሁሉ ዳገት መሸከም ይመጣል። ሽማግሌውና እኔ ቀጥ ብለን መቆም አንችልም። ሥራው የሌሎቹ ሊሆን ነው።

"ለዓሣ ብዬ ወገቤን አልቆርጥም" አለ አንዱ። "ያለችኝ ዕረፍት እሑድ ናት።" ሐሰት አልተናገረም። እኔም ቦታው ላይ ብሆን እንዲያው እል ነበር።

የጉናው ሰው ዶማውን አነሣ። "አንተ ተኛ" አለው፣ ሳይቆጣ። "እኔ ጎባጣ ግልገል በእጄ ቀብሬያለሁ። ደስ አይልም።" ወጣ። ሌላ ሰው ተከተለው። ቀጥሎ ሌላ። ያ አልቆፍርም ያለው ሰው ጥቂት ቆይቶ እያጉረመረመ ተነሣና የመጨረሻዋን አካፋ ይዞ ወጣ።

ሽማግሌውን ደግፌ አወጣኋቸው። ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ አፈሩን በጣታቸው እያሹ ሲሄዱ ሸክላ የሆነ፣ ውኃ የማያሳልፍ መሬት አገኙ። ጉድጓዱን ካስቆፈሩ በኋላ ዝናቡ ሞልቶ ዘይቱን እንዳያወርደው ዙሪያውን ቦይ አስወጡለት። አፉን በእንጨትና በሣር አስከደኑት። ተሰልፈን አፈር ስናወጣ አንድ ሰው ዜማ ጀመረና ሌላው ተቀበለው። በዚያ ሰፈር የሥራ ዘፈን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጠባቂዎቹ እንኳ ቀረብ ብለው ያዳምጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘይቱ ሽቅብ ሆነ። ከበደን። በዝናብ ቀን ዳገቱ ያንሸራትታል፤ በርሜሉ ይፈስብናል፤ እግራችን ተላጠ። የረገመን ሰው አልጠፋም። ግን ጠባቂው ዞር ሲል ወደ ወንዙ የወረደ ጥንድ አላየሁም።

ጳጉሜን ላይ ሽማግሌው እንደገና ወንዙን አሳዩኝ። ድንጋዩ ጥቁረቱን አልለቀቀም፤ ታችኛው ጠጠር ላይ ያለቀው እንቁላል አልቋል። ዳር ላይ፣ ውኃው እረፍት በሚያገኝበት ቦታ ግን፣ ዘግይተው የመጡት የጣሉት ተፈልፍሎ አንድ መንጋ ጫጩት ነበር። እጃቸውን ውኃው ላይ አሳለፉ። ጥላው ሲያርፍባቸው ብትን አሉ።

"ሁሉም አልዳነም" አሉ።

"አልዳነም" አልሁ።

"እነዚህ ግን ቀጥ ብለዋል።"

መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት የሽማግሌውን ስም ጠርተው ወደ ባሕር ዳር በምትሄድ ካሚዮን ላይ ጫኗቸው። ለመሰናበት ጊዜ አልሰጡንም። ካሚዮኗ ስትንቀሳቀስ ከላይ ሆነው ጮኹ፤ የጮኹት ግን ለእኔ ብቻ አልነበረም፤ ለሁላችን ነበር። "ክዳኑን አድሱ! ዝናቡ ገና አላበቃም!" የጉናው ሰው እጁን አነሣላቸው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ እኔም ቤቴ ገብቼ ጥቂት ካገገምሁ በኋላ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። እየጠየቅሁ መንደራቸውን አገኘሁ። ሽማግሌው አልተመለሱም። የት እንዳደረሷቸው ለቤተሰቡ የነገረ የለም። ባለቤታቸው ደንገል ሲያስሩ አገኘኋቸው፤ ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው አጠገቤ ተቀመጡ።

"መቱት?" አሉኝ መጀመሪያ።

"ስለ ዓሣው ልንገርዎት" አልሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጣሳዎቹን፣ የአንዲት እናት እንቁላል መሆኑን፣ ቦዩን፣ ክዳኑን። ሲያዳምጡ ቆዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ዕንባቸውም አብሮ ይወርድ ነበር።

"እዚያም ሄዶ አላረፈ!" አሉ። "ቤቴን በጣሳ ሞልቶት ነበርኮ። አንዴ በጣሳው ውኃ ሹሮ ልሠራበት ስል ለሦስት ቀን ኮረፈኝ።"

ዓሣ ቀቅለው አቀረቡ። አብረን በላን። እንድበላ አልለመኑኝም፤ እኔም እስኪለምኑኝ አልጠበቅሁም። ስወጣ ጎረቤቶቹ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር፤ አንድ ደገኛ ከዚያ ቤት በልቶ ሲወጣ ማየት አልለመዱም።

የሽማግሌውን ስም ያልጻፍሁት ረስቼው አይደለም። ልጆቻቸውን ጠይቄ ስላልፈቀዱልኝ ነው፤ የአባታቸው ስም የእነሱ ነውና ደግ አደረጉ።

አሁን አርጅቻለሁ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ብራና ትቼ በወረቀት እጽፋለሁ። ስለዚያ ዘመን የሚጠይቁኝ ሰዎች አንዳንዴ ይመጣሉ። ስንት ጊዜ ተገረፍህ፣ ማንን አየህ፣ ምን አደረጋችሁባቸው ይሉኛል። ጉድጓድ ቆፈርን እላቸዋለሁ። የሚቀጥለውን ነገር ሲጠብቁ አያለሁ፤ የሚቀጥል ነገር ግን የለኝም። ጣሊያን በእኛ እጅ ብዙ ነገር አሠርቷል፤ መንገዱም ድልድዩም ዛሬ ድረስ አለ፤ ሰው ይሄድበታል። ሳልፍበት የእኔም ላብ እንዳለበት አውቃለሁ፤ የእኔ ነው ብዬ ግን አላውቅም። በዚያ ዓመት ተኩል ውስጥ ማንም ሳያዝዘን፣ ተከራክረንበት፣ ወደን የሠራነው ሥራ ያ ጉድጓድ ብቻ ነው። ዛሬ ሣር በቅሎበት ቦታው አይለይም።